ቀዩ ሦስት እጅ ይቀባል

ገለቴ ኢተፋ ቡራዩ ውስጥ የተሰበረ ጥፍር ትጠግናለች። ይህ ሥራ ነው ሲባሉ የሚስቁ አሉ። እኔም ሰፈሩ ውስጥ በገባችበት ሰሞን ስቄአለሁ። በኋላ ግን ባንክ የሚሠሩ ሴቶች፣ ሙሽሮች፣ የሱቅ ባለቤቶች፣ አንዳንዴም ልጃቸውን ሊድሩ የተዘጋጁ እናቶች በሯ ላይ ተራ ሲጠብቁ እያየሁ ሳቁን ተውኩት።

ቤቷ ከእኔ ቤት ሦስት በር ይርቃል። መስኮቱ ሥር ጠባብ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው በላይ ባለ መስታወት ቁምሳጥን፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከነጣ እስከ ጠቆረ የተደረደሩ የኩቴክስ ጠርሙሶች። ጠርሙሶቹ ላይ ያለውን የፈረንጅ ስም ማንም አያነበውም። ስም የምታወጣላቸው እሷ ናት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና ገለባ፣ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ፣ ዛላ በርበሬ። አንዱን አረንጓዴ ቡኒ የጠላ አተላ ብላዋለች። ማንም መርጦት አያውቅም። ስሙን ብትቀይሪው ይሸጥ ነበር ስንላት፣ ጥፋቱ የስሙ ሳይሆን የመልኩ ነው ትለናለች።

ጥፍር ሲሰነጠቅ ከሥሩ ቆርጦ መጣል የሰነፍ ሥራ ነው ባይ ናት። እሷ የሻይ ከረጢት ቀድዳ ቅጠሉን ታራግፋለች፤ ከወረቀቱ የምስር ፍሬ የምታህል ትቆርጣለች። ጥፍሩን በሞረድ ለስለስ አድርጋ፣ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ አኑራ፣ ወረቀቱን በወረንጦ ታስተኛበታለች። ሲደርቅ እንደገና ሙጫ፣ እንደገና ሞረድ። ከዚያ በላይ ቀለም ሲቀባበት የተሰበረበትን ቦታ ባለቤቷ እንኳን አታገኘውም። ይህን ማንም ቤቱ ሆኖ ሊሠራው ይችላል። እሷም አትደብቅም፤ ለጠየቃት ሁሉ ታሳያለች። ሴቶቹ ቤታቸው ሞክረው ጣታቸውን ከጣታቸው አጣብቀው ይመለሳሉ። ያኔ ስድቡ ነው የሚበዛው። ቁጣዋ ከሥራዋ እኩል ይታወቃል።

የተፍኪ ልጅ ናት። በሃያ ዓመቷ ሰበታ ፋብሪካ ገባች። በየማለዳው በር ላይ መቀስ ይዞ የሚቆም ተቆጣጣሪ ነበር፤ ጥፍሯ የረዘመባትን ሠራተኛ ራሱ ይቆርጥላታል። አንድ ቀን የገለቴን የአውራ ጣት ጥፍር ከነሥጋው ቆረጠው። መቀሱን ከእጁ ነጥቃ ቦይ ውስጥ ወረወረችው፤ በዚያው ከሥራ ወጣች። ቡራዩ መጥታ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ፀጉር እያጠበች ጥፍር ተማረች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ሁለቴ ቢመጣ ነው።

በየበዓሉ ተፍኪ ትሄዳለች። ሄዳ መጀመሪያ የምትይዘው የእናቷን የእትዬ ሊቤን ቀኝ አውራ ጣት ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ሣር ሲያጭዱ ማጭድ ያገኘው ጣት ነው፤ ጥፍሩ ከመሃል ለሁለት ተከፍሎ ዳግመኛ አልገጠመም። ልብስ ይይዛል፣ ክር ይይዛል፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ይይዛል። ገለቴ ወረቀቷንና ሙጫዋን አውጥታ ትደፍነዋለች፤ ከላይ የሽንኩርት ልጣጩን ትቀባዋለች፤ ቄስ ፊት ቢቀርቡ የማይታይ እሱ ነውና። ሥራው ወር ቢቆይ ነው። እናቷ ለጎረቤት፣ ልጄ በወረቀት ጠጋግና ታኖረኛለች እያሉ ያወሩ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ። ስጽፈው እንኳ እበሽቃለሁ።

የእድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባች እሷ ናት ተብሎ መዝገቡ ከተሰጠኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን የገለቴ ወንድም ጃለታ ከተፍኪ ደወለልኝ። እናታቸው አሁን አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው። ለገለቴ ግን ዛሬ እንዳይነገራት፣ ነገ ማለዳ ትንሽ አሟታል ብላችሁ አምጡልኝ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሁላችንም የምንለው እሱን ስለሆነ እሺ አልኩ።

ለእድሩ ሰብሳቢ ለጋሽ ዳኜ ነገርኩ። ጋሽ ዳኜ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው፣ ማንንም አስከፍተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ባሏ መንገድ ላይ ነው፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል አሉኝ። በፒክአፓቸው ራሳቸው ሊወስዷት ወሰኑ። እስከዚያ አንቺ አብረሻት ሁኚ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ፣ ስልኳንም ዘወር አድርጊው አሉኝ። ይህን ሲሉኝ እንደ ደግነት ነበር የተሰማኝ።

ሐሙስ ዕለት የግቢ በር መወርወሪያ የመሃል ጣት ጥፍሬን ሰብሮት ነበር። እሱን ይዤ ሄድኩ። የኔ ስልክ ባትሪ ጨርሷል ብዬ የሷን ተቀበልኩና ድምፁን አጥፍቼ ጭኔ ላይ አኖርኩት። እጄን ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ወረቀቱን ስትቆርጥ ስለ እናቷ አወራችኝ። ረቡዕ ደውላላቸው ሲያስሉ እንደሰማች፣ ደህና ነኝ ብለው እንደዘጉባት፣ በሚመጣው ቅዳሜ ሄዳ ሐኪም ቤት እንደምትወስዳቸው። የጣታቸው ወረቀትም እስከዚያ ይላቀቃል አለችኝ።

"ይላቀቃል" አልኩ።

የኔን ስትጨርስ ገና አሥር ሰዓት አልሞላም። ጭኔ ላይ ያለው ስልክ ሁለት ጊዜ በርቶ ጠፍቷል፤ የተፍኪ ሰዎች ናቸው። እሷ ተነስታ ቤት ልትጠርግ፣ ከዚያ ሱቅ ልትወጣ ነው። ሱቁ ጋ ደግሞ ነገሩን የሰሙ አሉ። በነጋታው ሱሉልታ የጓደኛዋ የያኔት ልጅ ክርስትና ነበረና የራሷን ጥፍር ምን ብቀባው ይሻላል አለችኝ። የሽንኩርት ልጣጩን አነሳች። እሱ አንድ እጅ ይበቃዋል፣ በአምስት ደቂቃ ይደርቃል።

"ክርስትና ሄደሽ ደግሞ ምን ያስፈራሻል? ቀዩን ቀቢ" አልኳት።

"ዛላ በርበሬውን? እሱ እኮ ሦስት እጅ ነው የሚቀባው። እስኪደርቅ ይመሻል።"

"ይምሽ። ቁጭ ብለን እንጫወታለን።"

ሳቀች። እትዬ ውብአየሁ፣ ዛሬ ምን ነካሽ፣ ልትድሪኝ ነው እንዴ አለች። ተቀመጠችና ቀባች። አንደኛውን እጅ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጣቶቿን ዘርግታ እፍ እያለች፣ ምንም መንካት ሳትችል፣ ፊቴ ቁጭ ብላ አመሸች። እኔ የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር። ስሄድ ያልተነሱትን ጥሪዎች ሰርዤ፣ ድምፁ እንደጠፋ ስልኩን መለስኩላት። እናቷ ተፍኪ ላይ በጎረቤት ሴቶች እጅ ሲታጠቡና ሲገነዙ፣ እሷ በኔ ምርጫ ጥፍሯን እያደረቀች ነበር። ያኔ ነግሬያት ቢሆን መሸት ሲል ትደርስ ነበር። እጃቸውን ትይዝ ነበር።

የባሰው ደግሞ እኔ ይህን ነገር ማወቄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ከፈተና አዳራሽ ጠርተውኝ አባትሽን ትንሽ አሞታል ብለው ሱሉልታ ወስደውኛል። እስክሪብቶዬን እንደጨበጥኩ ነበር ከመኪና የወረድኩት። አባቴ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ፈተናው እንዳይበላሽብኝ ብለው ነው። ያን ቀን አጎቴን ደረቱን በቡጢ መትቼዋለሁ። እኔ በሰው ላይ እንዲህ አላደርግም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተማርኩትን ጋሽ ዳኜ በአንድ ስልክ አስረሱኝ ብዬ ባላክክ ደስ ይለኝ ነበር። ያስረሳኝ የለም። እንደ ሰው ሁሉ መሆን ፈልጌ ነው።

እሑድ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት አንኳኳን። ጋሽ ዳኜ፣ እኔና ሌሎች ሁለት የእድሩ ሰዎች። እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል ተባለች። ምን ያህል አለች። ትንሽ አልናት ሁላችንም፣ በአንድ ላይ። ሮጣ ገብታ ተመለሰች። ነጠላዋን ለብሳ ቦርሳዋን ይዛለች። መኪና ውስጥ ስትከፍተው አየሁት፤ ሙጫው፣ ሞረዱና ሁለት የሻይ ከረጢት አለበት። ከታመመችማ ሰሞኑን እዚያው መቆየቴ ነው፣ ጣቷንም እሠራላታለሁ አለችኝ። ጋሽ ዳኜ መሪውን እንደያዙ አንገታቸውን አልመለሱም።

ሰበታን እስክናልፍ ለጃለታ አሥር ጊዜ ደወለች። አያነሳም። ከሰበታ በኋላ መደወሉን ተወች። አንዴ ብቻ ወደ እኔ ዞራ ነጠላዬን አየችው። ማለዳ ስለብስ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቄው ነበር፤ እጄ በለቅሶ ልማድ ያደረገው ነው። አይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ድንኳኑ ከመንገዱ ይታያል። መኪናው ሲቆም አልጮኸችም። ሁለት ሴቶች ሊይዟት ዘርግተው የመጡትን ክንድ አለፈቻቸውና ወደ እኔ ተመለሰች።

"መቼ ነው?"

"ትናንት።"

"በስንት ሰዓት?"

መዋሸት እችል ነበር። ያን ጊዜ እንኳ አሰብኩት።

"ሰባት ሰዓት" አልኳት።

እጇን አየች። አሥሩንም ጣት ገልብጣ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየቻቸው። ከዚያ ገባች።

እናቷ ተገንዘው ሳጥን ውስጥ ገብተዋል፤ ሳጥኑም በምስማር ተመትቷል። እጇን ብቻ አሳዩኝ አለች። ፍትሐት እየተጀመረ ነው፣ የተገነዘ አይከፈትም አሏት። ቀኝ እጇን ብቻ፣ አውራ ጣቷን ብቻ አለች። ጃለታ እያለቀሰ ትከሻዋን ያዘ፤ ገፈተረችው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተከፈተም።

ያኔ ነው አክስቷ ሶያማ ጣቶቿን ያየችው። ሶያማ የሟች ታናሽ እህት ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ያደረች፣ ድምፅ ያልቀረላት ሴት። ምነው ልጄ፣ ሰርግ ነው እንዴ የመጣሽው አለች። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ዓይን ሁሉ ወደ ገለቴ እጅ ዞረ። አንዷ ነጠላሽ ውስጥ ክተቺው አለች። ሌላዋ ጓንት የላችሁም ወይ ብላ ጠየቀች። ተፍኪ ላይ በእሑድ ጠዋት ቀለም የሚያስለቅቅ አሴቶን ከየት ይገኛል። ሶያማ ምላጭ ከነወረቀቱ አምጥታ ፊቷ አኖረችላት፤ ሰው ሳያወራብሽ ፋቂው አለቻት። በደግነት ነው እሷም። እዚያ የነበርነው ሁላችን ደጎች ነበርን።

ገለቴ ምላጩን አልነካችውም። ቆመች። በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰች፣ ሁሉም እንዲሰማት።

"አልፍቀውም። እናቴ ከሞተች ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው የቀባሁት። ቀለሙን የመረጠችልኝ እቺ ናት፤ ታውቅ ነበር። ይዘውኝ የመጡት ያውቁ ነበር። ወንድሜ ያውቅ ነበር። ተፍኪ ሙሉው ያወቀውን ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ነውሩ የኔ ከሆነ እዩት። የናንተም ከሆነ እዩት።"

አፈር ሲመለስ በዚያ ቀይ ጣቷ ሦስት ጊዜ ዘግና ጣለች። ጥቁር አፈር ጥፍሯ ሥር ገብቶ እስከ ማታ ድረስ አብሯት ነበር።

ከተመለሰች በኋላ እርስዎ ትለኝ ጀመር። ሰባት ዓመት እትዬና አንቺ ስትለኝ የኖረች ልጅ በር ላይ ስንገናኝ እንዴት ዋሉ ብላኝ ታልፋለች። ይቅርታ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ ሰው ይዣለሁ አለችኝ፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ማንም አልነበረም፣ ግን ሰው ይዣለሁ አለችኝ። እውነት አላት። ሰፈሩ እሷን ነበር የሚያማው። ቀይ ጥፍሯን ይዛ እናቷን ቀበረች አሉ፤ ማን እንዳስቀባት የሚያወራ አልሰማሁም። አምስት የቆዩ ደንበኞቿ ቀሩባት። እኔ በየለቅሶው፣ በየሱቁ፣ እኔ ነኝ ያስቀባኋት፣ እኔ ነኝ ብል፣ አይ እትዬ፣ አንቺማ ለደግ ብለሽ ነው ይሉኛል። ደግ የሚለውን ቃል ያን ሰሞን ጠላሁት።

ከአርባው በኋላ በነበረው የእድር ስብሰባ መጣች። ሌላው ጉዳይ እስኪያልቅ ከኋላ ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ ተነስታ፣ አባቴ ኦቦ ኢተፋ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ሲታመሙም ሲሞቱም የሰማ ሰው በዚያው ደቂቃ ይንገረኝ፣ ይኼ ይጻፍልኝ አለች። ጋሽ ዳኜ ተጨነቁ። እንዲህ ያለ ነገር በመተዳደሪያ ደንባችን የለም አሉ።

"ደንቡ ውስጥ ዋሹ የሚል አለ?"

"ልጄ፣ እኛ እኮ እንዳትወድቂብን ብለን ነው።"

"ብወድቅ እነሳለሁ ጋሽ ዳኜ። ሳጥን የሚመታው ግን አንዴ ነው።"

ሰው ሁሉ እኔን አየ። ብዕሩ እኔ ጋ ነው። ጋሽ ዳኜ እሺ ሳይሉ ጻፍኩት። አንብቡልኝ አለች። አነበብኩላት። በዚያው ደቂቃ የሚለውን ትተዋል አለች። ትቼው ነበር፤ ጨመርኩት። ፈርማ ወጣች።

ከዚያ ስምንት ወር ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጃለታ ደወለ።

"አባባን ትንሽ አሞታል። ገለቴን ይዘሻት ብትመጪ" አለኝ።

"ጃለታ፣ ሞተዋል ወይስ ታመዋል?"

"አሞታል አልኩሽ እኮ።"

"በእናትህም ጊዜ አሟታል በያት ብለኸኛል።"

"የአሁኑ እውነት ነው" አለ፤ ግን እኔ ላምነው አልቻልኩም። እሱም እንደማላምነው ያውቃል። አንድ ቃል ነበረን ለበሽታ፤ ለሞት ስናውለው ኖረን ዛሬ ሰው በእውነት ሲታመም የምንለው አጣን።

በቀትር ፀሐይ ሦስቱን በር ሮጥኩ። አንዲት ሙሽራ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ገለቴ ብሩሹን ይዛለች። ቁሜ ነገርኳት። አባትሽን አሟቸዋል ብሎ ጃለታ አሁን ደወለ፣ በዓይኔ አላየሁም፣ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም አልኳት።

"ይማሉልኝ" አለች።

ማልኩላት፤ በአባቴ አጥንት። አላመነችኝም። ለጃለታ ደወለችና ስልኩን ለአባባ ስጠው አለችው። ተኝቷል አላት። ቀስቅሰው አለችው። መድኃኒት ወስዶ ነው አላት። ጮኸችበት፤ ቀስቅሰው፣ አሁን ቀስቅሰው፣ በጆሮዬ ልስማው አለችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሙሽራዋ እጇን እንደዘረጋች አትተነፍስም። የበር ድምፅ ሰማን፤ የእግር ኮቴ፣ የአልጋ ሲጢጥታ። ከዚያ ሳል መጣ፣ ረጅም ሳል። ከሳሉ ኋላ የሽማግሌ ድምፅ በኦሮምኛ፣ "አኒ ጂራ፣ ገለቴ" አለ። አለሁ ማለታቸው ነው።

ከወንበሯ ወረደችና መሬት ተቀመጠች። ከዚያ አባቷን ሰደበቻቸው። በኦሮምኛ ነው፤ የገባኝን ልጻፍ። በዚህ የማለዳ ብርድ ያለ ካፖርት ማን ውጡ አለዎት፣ ሳሉ ሲጀምርዎት ለምን አልደወሉልኝም፣ እርስዎም እንደ እሷ ደህና ነኝ እያሉ ሊያሞኙኝ ነው ወይ አለቻቸው። እንባዋ አገጯ ላይ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። አባቷ አንድ ነገር ሊሉ ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው። እኔ ፒክአፑን ልጠራ ወደ ጋሽ ዳኜ ደወልኩ። ገለቴ ተነስታ፣ ነጠላዋን ከምስማሩ እየመነጨቀች፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ትጮሃለች፦

"መምጣቴ ነው። ከዚያ አልጋ እንዳይነሱ። መጥቼ በአካል እስክቆጣዎት ድረስ የትም እንዳይሄዱብኝ።"